ግልጽ ደብዳቤ፦ ከአስፋልቱ በታች ያለነውም የጎንደር ነዋሪዎች ነን

የከተማችንን የፍሳሽ መስመር በተመለከተ ውሳኔ ለምትሰጡ ኃላፊዎችና ዲዛይኑን ለምትሠሩ መሐንዲሶች፤

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በቀሃ ወንዝ ዳር፣ ከአስፋልቱ በታች የሚኖሩ 38 አባወራዎችና እማወራዎች ወክለውኝ ነው። የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። እንጀራዬ ደግሞ የቧንቧ ሥራ ነው፤ 19 ዓመት ሠርቼበታለሁ። ሁለት ጊዜ በአካል መጥተን፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀን መልስ ስላጣን ነው ነገሩን አደባባይ ያወጣነው።

መነሻችን የሚያዝያው ስብሰባ ነው። የፍሳሽ መስመር ሊዘረጋ ነው ተብሎ ተጠራን። ደስ ብሎን ሄድን፤ አንዳንዶቻችን ሥራ አስፈቅደን ነው የመጣነው። እዚያ ግን መስመሩ አስፋልቱን ይዞ እንደሚወርድ፣ ከመንገዱ በላይ ያሉት ቤቶች እንደሚገቡ፣ ከመንገዱ በታች ያለነውን ግን እንደማይመለከተን ተነገረን። ለምን ብለን ስንጠይቅ መልሱ «ፍሳሽ ሽቅብ አይወጣም» የሚል ብቻ ሆነ። አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «ታዲያ የእኛ የት ይሂድ?» አሉ። ለእሳቸው የመለሰ አልነበረም። ስብሰባው በዚሁ ተዘጋ።

የመጀመሪያው ቅሬታችን እዚህ ላይ ነው። ውሳኔው ሲወሰን ሰፈራችን ድረስ ወርዶ ያየ ሰው የለም። መሬታችንን የለካ የለም። ስለዚህ ራሳችን ለካነው። ግንበኛ የሆነ ጎረቤቴን ይዤ፣ ግንበኞች እንደሚያደርጉት ብርሃን የሚያሳልፈውን ቱቦ ውሃ ሞልተን፣ አንዱን ጫፍ እሱ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ ሌላውን እኔ ታች ያዝነው። ቱቦው አጭር ስለነበረ በሦስት እርከን ነው የወረድነው። ልጆች ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ሲረጋ ለማየት ከበቡን። የከፍታው ልዩነት ከመንገዱ ጠርዝ እስከ እኔ ሽንት ቤት መውጫ 3 ሜትር ከ40 ሆነ። ወንዙ አፋፍ ላይ እስካለው የመጨረሻ ቤት 6 ሜትር ከ10። በቃ ይኸው ነው። ያስቀረን ከፍታ ከባለ ሁለት ፎቅ ቤት አይበልጥም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ ላለው ሮቶ ውሃ የሚያወጣውን ፓምፕ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ገጥሜያለሁ። ያ ፓምፕ ከዚህ በላይ ያነሳል።

ሁለተኛው የመምጠጫ መኪናው ጉዳይ ነው። «መስመር ባይደርሳችሁም መኪና አለላችሁ» ተብለናል። መኪናው አይደርስም። ከአስፋልቱ ወደ እኛ የሚወርደው ኮብልስቶን ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ቅያስ ስፋቱ 1 ሜትር ከ80 ነው። መኪናው ከላይ ቆሞ ቱቦውን ቢለቅ የሚደርሰው እስከ ሦስተኛው ቤት ነው። የቀረነው 35 ቤት ሰው ቀጥረን ነው የምናስወጣው። በባልዲ፣ በሌሊት። ቀጥረን ያልኳችሁ የቀን ሥራ ያጡ ወጣቶችን ነው። ጓንት የላቸውም፣ ቦት ጫማ ያለው ከስንት አንዱ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ይዝቃሉ። የተዘቀው የት እንደሚደፋ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኛም እናውቃለን። ወንዙ ከመጨረሻው ቤት 15 እርምጃ ነው። ይህን ስጽፍ አፍሬ ነው። ግን ሌላ መውጫ አልተሰጠንም፤ ለአንድ ቢያጆ መኪና መክፈል የምንችለው ሰዎች እንኳ መኪናው ስለማይደርስልን ነው እንዲህ የምናደርገው።

ሦስተኛው ክረምት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ ወንዙ ይሞላል፣ የከርሰ ምድሩ ውሃም ወደ ላይ ይመጣል። በጋ ላይ ግማሽ የነበረው ጉድጓድ ማንም ሳይጠቀምበት በውሃ ብቻ ይሞላል። ከላይ ደግሞ ጎርፉ ይወርድብናል። ከላይኛው ሰፈር አንዳንድ ግቢ ሴፕቲክ ታንኩ ሲሞላ ዝናብ ጠብቆ ወደ ቦዩ የሚለቅ አለ። ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ልንጣላቸው አንፈልግም፤ እነሱም አማራጭ ስላጡ ይሆናል። ግን የሚወርደው እኛ ደጃፍ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ያየሁትን ልንገራችሁ። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታስረክብ ጎረቤት አለችን። ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ጠራችኝ። ስደርስ ማዕድ ቤቷ በር ላይ ቁርጭምጭሚት የሚያህል ውሃ ቆሟል። ውሃ ብዬ ነው እንጂ ሽታው ምን እንደሆነ ይናገራል። ሁለት ቡሃቃ ሊጥ አብኩታ ነበር። አንዱን ወንበር ላይ አውጥታዋለች። ሌላው ሥሩ ተነክሯል። ባትሪ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ሁለቱንም ደፋቻቸው። «ከላይ ያለውማ ደህና ነው» አልኳት። «ልጆቼን የማላበላውን ለሰው አልሸጥም» አለችኝ። የሁለት ቀን ሥራዋ በዚያች ሌሊት ፈሰሰ። ምግብ ቤቱም ለሁለት ቀን ሌላ ሰው አስገባ። ማንንም አልከሰሰችም፣ ለማንም አቤት አላለችም። ጠዋት ቤቷን በበረኪና አጥባ እንደገና አቦካች።

በዚያው ወር አንድ አባት አረፉብን። ዕድሩ እንደ ልማዱ ድንኳን ሊተክል ሄደ። የምንተክልበት ሜዳ ግን ከላይ የወረደው ሁሉ የሚተኛበት ነው። ጭድ አለበስነው፣ አሸዋ ደፋንበት። ለቅሶ ደራሹ አፍንጫውን በነጠላው ይዞ ተቀመጠ። የቀረበለትን ንፍሮ የነካው ጥቂት ነው። የሟቹ የበኩር ልጅ ወደ እኔ መጥቶ «ጋሼ፣ ድንኳኑን ወደ አስፋልቱ እናውጣው፤ አባቴን በዚህ ሽታ አልሸኝም» አለኝ። አወጣነው። የዕድር ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል የከበደኝ የለም።

ስለ በሽታው ብዙ አልልም፤ የጤና ባለሙያዎች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በ2015 ክረምት ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ላይ ኮሌራ ሲነሳ ሁላችንም ሰምተናል። ኮሌራ የሚፈልገው እኛ ያለንን ነው፤ የተበላሸ ውሃ፣ የሞላ ሽንት ቤት፣ የተጠጋጋ ቤት።

አራተኛው ቅሬታችን «ለልማት ትነሳላችሁ» የሚለው ነው። ይህን ስንሰማ 11 ዓመት ሆነን። ሴፕቲክ ታንክ በደንብ እንሥራ ስንል «ልትነሱ ነው፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ» እንባላለን። ኮብልስቶኑ ይቀጥል ስንልም ያው ነው። ከእኛ ውስጥ ካርታ ያለው አለ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ አለ፣ ከአያቱ ወርሶ ወረቀት የሌለው አለ። አንዳችንም የምንነሳበትን ቀን የሚገልጽ ወረቀት አይተን አናውቅም። በ11 ዓመት ውስጥ ሕፃን የነበሩት ልጆች ጎረምሶች ሆነዋል። ሰው የሚነሳ ከሆነ ይነገረው፤ የማይነሳ ከሆነ ይሠራለት። መሐል ላይ ተንጠልጥሎ በቆሻሻ ውስጥ ሊኖር አይገባም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ካርታ ያለው ሰው ብቻ አላለም።

አሁን ወደ መፍትሔው ልምጣ፤ ቅሬታ ብቻ ይዘን አልመጣንም።

ፍሳሽ በራሱ ሽቅብ አይወጣም፤ እውነት ነው። ግን ይገፋል። ዝቅተኛ ግፊት የፍሳሽ መስመር የሚባል አሠራር አለ። አሜሪካኖች ከ1960ዎቹ መጨረሻ (በእነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ሐይቅ ዳር፣ ረባዳ ቦታና ድንጋያማ መሬት ላይ ሲሠሩበት ኖረዋል። ሥራው እንዲህ ነው። ግቢ ውስጥ ወይም አጥር ሥር ጋን ይቀበራል። የሽንት ቤቱም የማዕድ ቤቱም ፍሳሽ በቁልቁለት ወደ ጋኑ ይወርዳል። ጋኑ ውስጥ መፍጫ ያለው ፓምፕ ይቀመጣል። ፍሳሹ ከፍ ሲል ፓምፑ ራሱ ይነሳል፤ ቆሻሻውን እንደ ሥጋ መፍጫ ፈጭቶ፣ አቅጥኖ፣ በቀጭን ቧንቧ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይቆማል። መውጫው ላይ ቼክ ቫልቭ ስላለ የተገፋው ተመልሶ አይወርድም። ጋኑ ከልክ በላይ ከሞላ መብራት ወይም ጩኸት ያስጠነቅቃል።

እንደ ቧንቧ ሠራተኛ ልቤን የወሰደው ቧንቧው ነው። በስበት የሚሄደው የተለመደው መስመር ቢያንስ 200 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይፈልጋል፤ በየ100 ሜትሩም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። ቁልቁለቱ ከተሳሳተ ይደፈናል። ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፣ በየቦታው ማንሆል ነው፣ የእኛን ጥቁር ድንጋይ መፍለጥ ነው። በግፊት የሚሄደው ግን ከቤት የሚወጣው 32 ወይም 40 ሚሊ ሜትር፣ ዋናው መስመር ደግሞ እንደ ቤቱ ብዛት ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃዋል። የመሬቱን ቅርጽ ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ድንጋይ ካጋጠመው ይዞራል። ውርጭ ባለበት አገር ቧንቧው እንዳይረጋበት በጥልቀት ይቀብሩታል፤ እኛ ጋ ከጋሪና ከባጃጅ ጎማ የሚጠብቀው ያህል አፈር ይበቃዋል። ይህን ቦይ በአካፋና በዶማ የሰፈሩ ወጣት ይቆፍረዋል። በ1 ሜትር ከ80 ቅያስ ውስጥም ያለችግር ይገባል። ሌላው ትልቁ ነገር፣ ጥቁሩ የላስቲክ ቧንቧ በሙቀት የሚበየድ ስለሆነ መገጣጠሚያው ጥብቅ ነው። የክረምቱ ውሃ ወደ ውስጥ አይሰርግም።

ደረቁን ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ አስቀርቶ ፈሳሹን ብቻ የሚገፋ ሌላ ዓይነትም አለ። ፓምፑ መፍጫ አይፈልግም፣ ቀለል ይላል። ግን ዝቃጩን በየጥቂት ዓመቱ ማስመጠጥ የግድ ነው፣ መኪናው ደግሞ አይደርስብንም። ስለዚህ ለታችኞቹ ቤቶች የሚፈጨው ይሻላል እላለሁ። መኪናው ለሚደርስባቸው ሦስት ቤቶች ሁለተኛው ሊታይ ይችላል።

ችግር የለውም አልልም። መብራት ይጠፋል። ለዚህ ነው በየቤቱ ትንንሽ ጋን ከመትከል ለአምስት አምስት ቤት አንድ ትልቅ ጋን ቢሆን የምንለው። ሒሳቡን ሠርቻለሁ። በአንድ ቤት ስድስት ሰው ብንል አምስት ቤት 30 ሰው ነው። እንደኛ ውሃ በወረፋ በሚያገኝ ሰፈር አንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ቢያፈስ 1,200 ሊትር ይሆናል። 2,500 ሊትር የሚይዝ ጋን መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን ያቆያል። ከሁለት ቀን ካለፈ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር በየጋኑ እየዞረ ማስነሳት ይችላል፤ ስምንት ጋን ነው፣ አንድ ከሰዓት ይበቃል። በአንድ ጋን ሁለት ፓምፕ ቢገባ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይሠራል።

ቧንቧው ደግሞ «ለማንኛውም ይስፋ» ተብሎ እንዳይሰፋ አደራ። ፍሳሹ በውስጡ ቢያንስ በቀን አንዴ በሰከንድ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ፍጥነት ካልሄደ ደለሉ ይተኛል፣ ይሸታልም። የእኛ ውሃ ትንሽ ስለሆነ ቧንቧው በልኩ ቀጭን መሆን አለበት። ፌስታል፣ ጨርቅ፣ የሕፃን ዳይፐርና ሞዴስ ሽንት ቤት መጣልም ይቀራል፤ ፓምፑን አንቆ የሚገድለው እሱ ነው። ይህን ቤት ለቤት የማስተማሩን ሥራ ዕድሩ ይወስዳል። ሴቶቹ ከወዲሁ ጀምረውታል።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ፓምፑን አስገብቶ «ከዚህ በኋላ የእናንተ ነው» ብሎ መሄድ አይሠራም። ከጥቂት ዓመት በፊት ለሰፈራችን የውሃ ቦኖ ተብሎ አንድ ፓምፕ ተሰጥቶን ነበር። ተመርቆ፣ ፎቶ ተነስቶበት፣ በስምንተኛው ወር «ሲል» የሚባለው፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ላስቲክ አለቀ። የማነው ሲባል ባለቤት ጠፋ። እኔ በራሴ ገንዘብ ልገዛ ስዞር ልኩ ገበያ ላይ አልነበረም። አሁን ዝጎ ቆሟል፤ ልጆች ይንጠለጠሉበታል። የፍሳሽ ፓምፕ እንዲህ ቢሆን ውጤቱ ዛሬ ካለንበት የባሰ ነው። ስለዚህ ፓምፑና ጋኑ ባለቤቱ የአገልግሎቱ መሥሪያ ቤት ይሁን። መለዋወጫው ከመጀመሪያው ተገዝቶ ይቀመጥ። ሁሉም ጋን ላይ አንድ ዓይነት ፓምፕ ይግባ። እኛ እንደ ላይኞቹ ነዋሪዎች ወርሃዊውን እንከፍላለን፤ የቆጣሪውንም ድርሻችንን።

ይህ የ38 ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም ልብ በሉልን። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛን የሚሞላው ይኸው ቀሃ ነው። እኛ ከዚያ በታች ነን፤ ከእኛ የሚወርደው ወደ መዋኛው አይገባም። ግን ቀሃ ከአንገረብ ተገናኝቶ መገጭ ይገባል፤ መገጭ ጣና ይገባል። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ሲታይ መጀመሪያ የተወራው ስለ መገጭ አፍ ነበር። ያንን አረም የሚያወፍረው ከየከተማውና ከየእርሻው የሚወርደው ቆሻሻ ነው። እኛ እዚህ በባልዲ የምንደፋው የደምብያ ገበሬ ሽንኩርቱን በሚያጠጣበት ውሃ ውስጥ ይገባል። እሱ አያውቀንም፤ እኛ ግን እያወቅን እያደረግነው ነው።

የምንጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

ክረምቱ ሳይገባ መለኪያ የያዘ ባለሙያ ይላክልን። እኛ በውሃ ቱቦ የለካነውን በመሣሪያችሁ አረጋግጡት። ተሳስተን ከሆነ እንታረማለን።

ከአስፋልቱ በታች ያለው ሰፈር በግፊት መስመር እንዲገባ ዲዛይኑ ይከለስ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ካልቻላችሁ ከታች ካሉት አምስት ቤቶች በአንድ ጋን ጀምሩና አንድ ክረምት ይታይ። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር አሁን ካልተያዘ ዓመት እንደሚያልፈን እናውቃለን። አስፋልቱ ላይ የሚቀበረው ዋና መስመር የእኛን የሚቀበል መግቢያ ከወዲሁ ይተውለት፤ ከተዘጋና ከተነጠፈ በኋላ አስፋልት መስበር ለእናንተም ወጪ ነው። መስመሩም መጨረሻው ማጣሪያ ይሁን እንጂ ታች ወርዶ ቀሃ ላይ አይዘርገፍ።

መስመሩ እስኪደርስ ረጅም ቱቦና አጋዥ ፓምፕ ያለው መምጠጫ ወይም ቅያሱ ውስጥ የሚገባ ትንሽ መኪና በሰኔ ውስጥ አንድ ዙር ይላክልን፤ ክፍያውን ዕድሩ ያሰባስባል። ለሚዝቁት ልጆች ጓንት፣ ቦትና ጭንብል ከጤና በኩል ይሰጠን። ከላይ በዝናብ ተከልሎ የሚለቀቀውንም ተቆጣጠሩልን፤ መጀመሪያ በምክር፣ ካልሆነ በሕግ።

የመነሳታችን ነገር በጽሑፍ ይነገረን። እንነሳለን ከሆነ መቼ እና ወዴት፤ አንነሳም ከሆነ እሱም በማኅተም።

በእኛ በኩል ቦዩን በጉልበታችን እንቆፍራለን። ለጋን መቀበሪያ ቦታ የሚሰጡ ስምንት ግቢዎች ተስማምተው ፈርመዋል፤ ዝርዝሩ ዕድሩ መዝገብ ውስጥ አለ፣ ስትመጡ እናሳያችኋለን። እኔም የቧንቧውን ሥራ ያለ ክፍያ አግዛለሁ። ስትመጡ አስፋልቱ ላይ ካለው ትልቁ ዋርካ ሥር ደውሉልን፤ ኮብልስቶኑ ካለቀ በኋላ የሚያንሸራትት ቦታ ስላለ ወጥተን እንቀበላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በቀሃ ወንዝ ዳር ከአስፋልቱ በታች ያሉ ነዋሪዎች ዕድር ጸሐፊና የቧንቧ ሠራተኛ
ስለ 38ቱ ቤቶች
ጎንደር፣ ግንቦት